ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል



በዚህ ሳምንት ስለ ሞተር ላጫውታችሁ አስቤአለሁ። የማነሣውም ለፍጥነትና ለብርቱ ኀይል ተብሎ የሚሠራውን፣ እሽቅድምድም የሚገባውን ሞተር ነው። «እኛ ተማሪዎችና የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ነን፤ የሞተር ነገር ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ጥቂት ታገሡኝ። ነገሩ መጨረሻው ላይ ከእናንተም ከእኔም ቤት ይደርሳል።

ወጣቶች ተሰብስበው ስለ አንድ ፈጣን መኪና ሲነጋገሩ ሰምታችሁ እንደ ሆነ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ዐይነት ነው። «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው? በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሮጣል? ፒስተኑስ የየት አገር ሥራ ነው?» ይባባላሉ። «ማን ገጠመው? በስንት ቀን ገጠመው? ከመዝጋቱ በፊትስ ምን ምን ለካ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ከመቶ አንድ አይገኝም። ሞተሩ ዕድሜ የሚያገኘው ወይም ባጭር የሚቀጨው ግን አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ በማይጠየቁት ጥያቄዎች ምክንያት ነው።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለዋል። የተናገሩት ስለ መቀነትና ስለ መታጠቂያ ነበር፤ ነገር ግን ለፈጣን ሞተር ከዚህ የተሻለ ምክር ማንም መሐንዲስ አልጻፈም ብዬ አምናለሁ። ፈጣን ሞተር የሚሠራው በዝግታ ነውና።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። (የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) አውቶሞቢል አዲስ ነገር በነበረበት ዘመን መኪና እንደ ልብስ በየልኩ የሚሰፋ ዕቃ ነበር ለማለት ይቻላል። የአንዱ መኪና ፒስተን ለሌላው አይሆንም፤ ሠራተኛው ሞረድ ይዞ እዚህ እየፋቀ፣ እዚያ እየሞረደ፣ እየሞከረና እየመለሰ ነበር የሚገጥመው። በአሜሪካ አገር በ1843 የተወለደው ሄንሪ ሊላንድ ግን ይህን አሠራር አልወደደውም። ሊላንድ ሙያውን የተማረው የጦር መሣሪያና የመለኪያ መሣሪያ በሚሠሩ ፋብሪካዎች ውስጥ ስለ ነበር፣ ከፀጕር የቀጠነ ልዩነት ምን እንደሚያመጣ በዐይኑ ዐይቶ ነበር። ኋላም የካዲላክ ኩባንያ መሪ በሆነ ጊዜ ማንኛውም ዕቃ ለማንኛውም መኪና ያለ ሞረድ እንዲገጥም አድርጎ በጥብቅ ልክ ያሠራ ጀመር።

በ1908 በእንግሊዝ አገር የነበረው የካዲላክ ወኪል ይህን ለሕዝብ ለማሳየት ፈልጎ መኪናዎቹን ለንጉሣዊው የአውቶሞቢል ክለብ ፈተና አቀረበ። የክለቡ ታዛቢዎች ሦስት ባለ አንድ ሲሊንደር መኪናዎች መረጡ። መኪናዎቹም ብሩክላንድስ በሚባለው የእሽቅድምድም ሜዳ እስከ መጨረሻው ብሎን ድረስ ተፈቱ። እያንዳንዱ መኪና 721 ዕቃ ነበረው። የሦስቱም ዕቃ ባንድ ላይ ተደባልቆ ተከመረ፤ ታዛቢዎቹም ከክምሩ 89 ዕቃ አውጥተው በምትኩ ከመደብር የመጣ አዲስ ዕቃ አስገቡበት። ከዚህ በኋላ መካኒኮቹ ሞረድ ሳይነኩ፣ በመፍቻና በካቻቢቴ፣ እንዲሁም ይህን በመሳሰለ ተራ መሣሪያ ሦስቱን መኪናዎች መልሰው ገጠሙ። ሦስቱም ተነሡ፤ 500 ማይል፣ ማለት 800 ኪሎ ሜትር ያህልም ሮጡ። ክለቡም የዚያን ዓመት የዴዋር ዋንጫ ለካዲላክ ሰጠ።

እዚህ ላይ ብልህ አንባቢ አንድ ጥያቄ ያነሣል። «ዕቃው ሁሉ ልክ ሆኖ ከፋብሪካ ከወጣ፣ የገጣጣሚው ጥንቃቄ ከእንግዲህ ወዲያ ምን ይፈይዳል? አንዱን ካንዱ አገናኝቶ ብሎኑን ማጥበቅ ብቻ አይደለምን?» ይላል። ለዝግተኛ ሞተር ይህ ጥቂት እውነት አለው። ለፈጣን ሞተር ግን የለውም። ምክንያቱን ለማየት ጥቂት ሒሳብ እንሥራ፤ ተማሪዎች እርሳሳችሁን አንሡ።

በሞተር ውስጥ ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ይህን ምልልስ ወደ ሽክርክሪት የሚለውጠውን ጠማማ ወፍራም ዘንግ መካኒኮቻችን ከጣልያንኛ በወረሱት ቃል ኮሎ ይሉታል። ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው የብረት ክንድ ደግሞ ቢየላ ይባላል። አንድ የእሽቅድምድም ሞተር በደቂቃ 8,000 ጊዜ ይዞራል እንበል። ፒስተኑ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ከላይ፣ አንድ ጊዜ ከታች፣ ፈጽሞ ቆሞ እንደ ገና ይነሣል። ይህ በደቂቃ 16,000 ጊዜ ነው፤ በሰከንድ ከ260 ጊዜ በላይ ይሆናል። 400 ግራም የሚመዝንና 8 ሳንቲ ሜትር የሚመላለስ ፒስተን በዚህ ፍጥነት ከላይ ደርሶ ሲመለስ ቢየላውን የሚጐትተው ከ1 ቶን በሚበልጥ ኀይል ነው። ግማሽ ኪሎ ስኳር የማያህል ዕቃ በዚያች ቅጽበት ከአንድ በሬ ይበልጥ ይከብዳል ማለት ነው።

ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። የሞተሩ ዙር እጥፍ ሲሆን ይህ ኀይል እጥፍ ሆኖ አይቀርም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ዙሩ ከ2,000 ወደ 8,000 ከፍ ሲል፣ ማለት አራት ጊዜ ሲበዛ፣ ኀይሉ ዐሥራ ስድስት ጊዜ ይበዛል። ስለዚህ በዝግታ ሲሄድ ማንም የማያውቃት አንዲት ትንሽ ስሕተት፣ ጥቂት የላላች ብሎን ወይም ጥቂት የጠበበ ክፍተት፣ በፍጥነት ጊዜ ዐሥራ ስድስት እጥፍ ሸክም ተጭኖባት ትገለጣለች። ዝግታ ስሕተትን ይሸፍናል፤ ፍጥነት ይገልጣል።

ስለዚህም ጠንቃቃ ገጣጣሚ ፈጣን ሞተርን አንድ ጊዜ ብቻ አይገጥመውም። መጀመሪያ ለሙከራ ይገጥመዋል፤ ይለካዋል፤ መልሶ ይፈታዋል። ለመጨረሻ ጊዜ የሚገጥመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከአጠገቡም ደብተርና እርሳስ አይለይም። ምን ምን እንደሚለካ ጥቂቱን ልንገራችሁ።

አንደኛው ብሮንዚን ነው። ብሮንዚን ኮሎው የሚሽከረከርበት፣ እንደ ግማሽ ቀለበት የተቀለሰ ለስላሳ የብረት ልባስ ነው። በኮሎውና በብሮንዚኑ መካከል ዘይት የሚገባበት ክፍተት መኖር አለበት። ባለሙያዎች በልምድ የያዙት መጠን፣ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ዘንግ 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም የአንዲት ቀጭን ፀጕር ውፍረት ነው። ክፍተቱ እጅግ ከጠበበ ዘይቱ እንደሚገባ አይዘዋወርምና ብረት ከብረት ይፋተጋል። እጅግ ከሰፋም ዘይቱ በየጐኑ እየፈሰሰ ግፊቱ ይወድቃል። ያን ሁሉ ሸክም በመካከል ተሸክሞ የሚያዞረው ይህ ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ገጣጣሚው ልኩን ለማወቅ በማይክሮሜትር ይለካል፤ ወይም እንደ ክር የቀጠነ ለስላሳ ፕላስቲክ በመካከል አኑሮ ብሎኑን ያጠብቃል፤ መልሶም ይፈታና የተጨፈለቀው ክር ምን ያህል እንደ ሰፋ ያያል።

ሁለተኛው ፋሻ ነው። ፋሻ የሚባሉት ፒስተኑን የሚከቡት ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ናቸው። የእነዚህ ቀለበቶች ጫፍና ጫፍ አይጋጠምም፤ በመካከሉ ጥቂት ክፍት ቦታ ይተዋል። ብረት ሲሞቅ ያድጋልና፣ ያ ክፍት ቦታ ከሌለ ጫፎቹ ተጋጭተው ቀለበቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይቧጥጣል፤ ወይም ይሰበራል። ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሲሊንደር 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል የተለመደ መነሻ ነው፤ ሞተሩ የበለጠ የሚግል ከሆነ ደግሞ ክፍተቱ ይጨመራል። ጠንቃቃው ገጣጣሚ እያንዳንዱን ፋሻ ብቻውን ወደ ሲሊንደሩ ያስገባና ክፍተቱን በቀጭን የብረት ምላስ ይለካዋል፤ የጠበበ ከሆነ ጫፉን ጥቂት ሞርዶ እንደ ገና ይለካል። አራት ሲሊንደር ላለው ሞተር ይህን ሥራ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ያህል መድገም ነው። ቸኳዩ ግን «ከካርቶን አዲስ የወጣ አይደለም ወይ?» ብሎ ይገጥመዋል።

ሦስተኛው ብሎን ነው። ብዙ ሰው ብሎን ባጠበቁት መጠን ይበልጥ የሚይዝ ይመስለዋል። ብሎን በእውነቱ እንደ ጅማት ያለ ነገር ነው፤ ሲጠብቅ ጥቂት ይለጠጣል፤ ዕቃውንም ጨምቆ የሚይዘው በዚያ መለጠጥ ነው። ካነሰ ይላላል፤ ከበዛም ጅማቱ ይሞትና አንድ ቀን ይበጠሳል። ስለዚህ ኀይሉን የሚለካ መፍቻ ያስፈልጋል። መፍቻውም ብቻውን አይበቃም፤ ጥርሱ ደረቅ የሆነ ብሎንና ዘይት የተቀባ ብሎን መፍቻው ላይ አንድ ቍጥር እያሳዩ የሚጨምቁት ኀይል ይለያያል። በዚህ ምክንያት የእሽቅድምድም ሞተር የሚገጥሙ ባለሙያዎች የቢየላውን ብሎን ሲያጠብቁ ስንት እንደ ተለጠጠ ርዝመቱን ይለካሉ። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታ የምንለው፣ ሲገጠምም ብሎኖቹ ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየደረጃው ይጠብቃሉ።

አራተኛው የቫልቭና የፒስተን ነገር ነው። ቫልቮቹ ወደ ታች ሲከፈቱ ፒስተኑ ደግሞ ወደ እነርሱ ይመጣል። ኀይል ለመጨመር ተብሎ ቫልቮቹ ይበልጥ እንዲከፈቱ ሲደረግ፣ ሁለቱ ሊጋጩ ይችላሉ። ይህን ለማወቅ የሚደረገው ነገር ሕፃን ልጅ እንኳ የሚገባው ነው። ገጣጣሚው ልጆች የሚጫወቱበትን ዐይነት ለስላሳ ጭቃ በፒስተኑ ራስ ላይ ይለጥፋል፤ ክዳኑን ይገጥማል፤ ሞተሩን በእጁ ቀስ ብሎ ሁለት ዙር ያዞራል፤ ከዚያም ክዳኑን ፈትቶ ጭቃውን በቢላዋ ቈርጦ የቀረውን ውፍረት ይለካል። ጭቃው ሥራውን ጨርሶ ይጣላል፤ ነገር ግን የአንድ ሞተር ዋጋ አድኖ ነው የሚጣለው።

አምስተኛው ንጽሕና ነው። ከሁሉ የሚቀል ስለሚመስል ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋውም እርሱ ነው። ስለዚህ ስለ እርሱ ኋላ እመለስበታለሁ፤ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር አለና።

እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር ጥንቃቄ ሁሉን ያድናል አልልም። በ1967 ኪት ዳክዎርዝ የሚባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ኮስዎርዝ በተባለው ኩባንያው ውስጥ፣ በፎርድ ኩባንያ ገንዘብ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር የእሽቅድምድም ሞተር ሠራ። ሞተሩም ለመጀመሪያ ጊዜ በኔዘርላንድስ አገር፣ በዛንድቮርት ሜዳ፣ ሰኔ ወር በገባ በአራተኛው ቀን ተሰለፈ። ሁለት መኪናዎች ይዘውት ነበር። በአንደኛው ግሬሃም ሂል ከሁሉ ቀድሞ ይመራ ጀመር፤ ነገር ግን ቫልቮቹን ከሚያንቀሳቅሱት ጥርስ ካላቸው መዘውሮች የአንዱ ጥርስ ተሰበረና ጥቂት ዙር ሄዶ ቆመ። ሁለተኛው መኪና ግን በጂም ክላርክ ተነድቶ በዚያው ቀን አሸነፈ። ኋላ ሲመረመር የጥርሶቹ መሰበር የመጣው ከሞተሩ አሠራር፣ ማለት ዘንጎቹ በሚፈጥሩት የመጠማዘዝ ንዝረት መሆኑ ታወቀ። ዳክዎርዝም ንዝረቱን የሚያበርዱ፣ እንደ ሞላ ጥቂት የሚጠማዘዙ ትንንሽ ዘንጎች በመዘውሩ ውስጥ አስገባበት። ይህ ሞተር ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ 1983 ድረስ 155 የታላቁን ሽልማት እሽቅድምድሞች አሸንፏል።

ከዚህ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። ሞተር ሲሰበር ሁለት ነገር ይጠረጠራል፤ አንዱ የነዳፊው ሐሳብ፣ ሌላው የገጣጣሚው እጅ። ሥራው በግዴለሽነት የተሠራ ከሆነ ጥፋቱ የየትኛው እንደ ሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ሰዎች ይካሰሳሉ፤ ዕቃው ተለውጦ እንደ ገና ይሰበራል። እያንዳንዱ ልክ ተለክቶ በደብተር ከሰፈረ ግን ገጣጣሚው «በእኔ በኩል ይህ ይህ ነበር» ብሎ ያሳያል፤ ፍለጋውም ወደ ትክክለኛው ቦታ ይሄዳል። ጥንቃቄ ከስብራት ባያድን እንኳ የስብራትን ምክንያት ያሳውቃል።

ይህን የተረዱ ፋብሪካዎች ማሽን በበዛበት በዛሬው ዘመንም የሰውን እጅና ስም አልጣሉም። በጀርመን አገር ሁለት መሐንዲሶች፣ ሐንስ ቬርነር አውፍሬሽትና ኤርሃርድ ሜልሸር፣ በ1967 የመሠረቱት ኤ.ኤም.ጂ. የሚባለው ድርጅት ዛሬ የመርሴዲስ ኩባንያ ክፍል ነው። አፋልተርባህ በምትባለው ከተማ በእጅ የሚገጥማቸውን ሞተሮች «አንድ ሰው፣ አንድ ሞተር» በሚል ደንብ ይሠራቸዋል። ሞተሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰው ይገጥመዋል፤ በላዩም የዚያ ሰው ፊርማ ያለበት ትንሽ ሰሌዳ ይለጠፋል። በጃፓን አገርም የኒሳን ኩባንያ ጂ.ቲ.አር. የተባለውን ፈጣን መኪና ሠርቶ እስካቆመበት እስከ 2025 ድረስ፣ የመኪናውን ሞተር በዮኮሃማ ከተማ ከአቧራ በተጠበቀ ክፍል ውስጥ የሚገጥሙት ታኩሚ የሚባሉ ጥቂት የተመረጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ስም መለጠፍ ለጌጥ ይመስላል። ነገር ግን ስሙ የሚለጠፍበት ሰው ብሎኑን ሲያጠብቅ «ማን ያየኛል?» ሊል አይችልም።

አሁን ደግሞ የራሴን ልንገራችሁ፤ ለእኔ ማፈሪያ፣ ለእናንተ ትምህርት ይሁን።

ታናሽ ወንድሜ በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ሠራተኛ ሳለ ከደመወዙ አራት ዓመት ቈጥቦ አንዲት አሮጌ መኪና ገዛ። ሞተሯ ደክሞ ነበርና «መታደሷ ካልቀረ ብርቱ ትሁን» ብሎ ሲሊንደሯን አስፍቶ ትልልቅ ፒስተን ሊያስገባባት አሰበ። ዕቃው ሁሉ አዲስ፣ ዋጋውም ለእርሱ አቅም ከባድ ነበር። አንድ ወጣት መካኒክ ዘንድ ወሰድናት። መካኒኩም ዕቃውን አገላብጦ ዐየና «ሁለት ሳምንት ስጡኝ» አለን።

በሚመጣው ቅዳሜ ግን የአክስታችን ልጅ ሠርግ ነበር። ሚዜ ሆኜ መኪናዋን ለአጀቡ እንደማመጣ ለሰው ሁሉ ተናግሬ ነበር። ስለዚህ ወንድሜ ዝም ሲል እኔ ቀደም ብዬ «ተው እንጂ ወንድሜ፣ የሠርግ ነገር ነው፤ እንደ ምንም ብለህ ለቅዳሜ አድርስልን። ጉርሻም እጨምርልሃለሁ» አልኩት። መካኒኩ አመነታ፤ ኋላ ግን እሺ አለ። ዐርብ ማታ ሞተሩ ተነሣ። ድምፁ ደስ ይል ነበር። ሠርጉም ባማረ ሁኔታ አለፈ። መኪናዋ ሦስት ሳምንት ያህል በከተማ ውስጥ ያለ አንዳች እንከን አገለገለች፤ እኔም «ሁለት ሳምንት ያለን ሊያጓትተን ነበር» እያልኩ እቀልድ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት እናታችንን ይዘን ወደ አዳማ ወረድን። ወንድሜ በ2014 በተከፈተው ፈጣን መንገድ ላይ የመኪናዋን ኀይል ሊያሳየን ፈልጎ ነዳጁን ረገጠ። አዳማ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ከሞተሩ ውስጥ እንደ መዶሻ የሚመታ ድምፅ ተሰማ። ወንድሜ እግሩን ከማንሣቱ በፊት አንዱ ቢየላ ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ወጣ። ዘይቱ በጎማው ሥር ፈሰሰ፤ መኪናዋም ተንሸራታ ከመንገዱ ዳር ካለው የብረት አጥር ጥቂት ሲቀራት ቆመች። እግዚአብሔር ይመስገን የተጐዳ ሰው አልነበረም። እናታችን ግን እስከ ዛሬ በዚያ መንገድ ስትሄድ ዐይኗን ጨፍና ነው።

አዳማ ውስጥ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሞተሩን ፈቱልን። ሳይሰበር ከቀረው ቢየላ ብሮንዚኑን አወጡና በመዳፌ ላይ አኑረው «በጥፍርህ ዳብሰው ልጄ» አሉኝ። ዳበስኩት፤ እንደ አሸዋ ይኮሰኵሳል።

«ሲሊንደሩ ከሰፋ በኋላ በምን ታጠበ?» ብለው ጠየቁን።

«በቤንዚን ነው ጋሼ» አላቸው ወንድሜ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቤንዚን ቅባቱን ያነሣል እንጂ የመፍጫውን ዱቄት ጠርጎ አያወጣውም። ዱቄቱ በብረቱ ጭረት ውስጥ ተደብቆ ይቀርና ኋላ ከዘይቱ ጋር እየዞረ ብሮንዚኑን ይበላዋል። ሲሊንደር ከተፈጨ በኋላ በሙቅ ውሃና በሳሙና በብሩሽ ይታሻል። ከዚያ ነጭ ጨርቅ በዘይት ይነከርና ይጠረግበታል። ጨርቁ ከጠቈረ እንደ ገና ይታጠባል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ነው» አሉን።

«ይህ ሁሉ ስንት ጊዜ ይወስዳል ጋሼ?» አልኳቸው።

«ቢበዛ አንድ ሰዓት» አሉኝ።

አዲስ አበባ ተመልሰን ወጣቱን መካኒክ አገኘነው። የሆነውን ስንነግረው አንገቱን ደፋ። «ማጠቡን አውቀው ነበር፤ ውሃ ለማሞቅ ጊዜ አልነበረኝም» አለ። ልቈጣው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ቍጣው ከአፌ ሳይወጣ ቀረ። እርሱ ሁለት ሳምንት ጠይቆ ነበር፤ ያችን አንዲት ሰዓት በጉርሻ ገዝቼ ያስቀረሁበት እኔ ነኝ። እርሱም እምቢ ማለት ነበረበት፤ ይህ እውነት ነው። ወንድሜ ግን የአራት ዓመት ቁጠባውን ከእኔም ከእርሱም ሳይጠይቅ አጣ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ አንድ ቀን መኪና ብትገዙና ሞተሯን የምታሳድሱ ወይም የምታጠነክሩ ብትሆኑ፣ ስለ ፒስተኑ የትውልድ አገር ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የብሮንዚኑና የፋሻው ክፍተት ስንት ሆኖ ተገኘ? ቍጥሩ ተጽፎ ይሰጣችሁ። ሁለተኛ፣ ሲሊንደሩ በምን ታጠበ? ነጩን ጨርቅ አሳዩኝ በሉ። ሦስተኛ፣ ሥራው ስንት ቀን ይፈልጋል? ይህን ከጠየቃችሁ በኋላ ደግሞ ዝም በሉ። መካኒኩ የጠየቀውን ቀን ስጡት እንጂ እንደ እኔ በሠርግና በጉርሻ አታባብሉት። ሞተሩም ተገጥሞ ሲያልቅ መጀመሪያ በእጅ ይዙር፤ ዘይቱም ከመነሣቱ በፊት በየቦታው ይድረስ፤ ከተነሣም በኋላ በመጀመሪያው ቀን ፈጣን መንገድ ላይ አታውጡት።

ሞተር የማይገዛውም አንባቢ የራሱ ሥራ አለው። ፈተናውን ጨርሶ ሰዓቱ ሳይደርስ ወረቀቱን የሚያስረክብ ተማሪ፣ ድምሩን ሁለተኛ ሳይደምር ፊርማ የሚያስፈርም ጸሐፊ፣ ውሃውን ሳያሞቅ ሞተሩን እንደ ዘጋው መካኒክ ነው። ፋይሉ ተዘግቶ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ያማረ ይመስላል፤ ለጥቂት ሳምንትም ያገለግላል። ነገሩ የሚታወቀው አንድ ቀን የሰው ጡረታ ወይም የሰው ርስት በዚያ ፋይል ላይ ሲንጠለጠል ነው። ያን ጊዜም የሚጐዳው አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው አይደለም፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ሰው ነው።

ስለዚህ ክዳኑን ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ጊዜ በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ከጠቈረ አትፈሩ፤ ውሃ አሙቁና እንደ ገና እጠቡት። የምትዘገዩት ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው።

ለሚመጣው ሳምንት በደኅና ያድርሰን።